በገዛ ሰፈራችን ሆቴል ያደርን ጊዜ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ተወልዳችሁ ባደጋችሁበት ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ አድራችሁ ታውቃላችሁ? ከቤተሰብ ተጣልታችሁ፣ አምሽታችሁ በር ተቆልፎባችሁ፣ ወይም ለእናት በማይነገር ሌላ ምክንያት ማለታችን አይደለም (እሱን ለራሳችሁ ያዙት)። በሰላም ቀን፣ መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ስማችሁንና አድራሻችሁን አስመዝግባችሁ፣ ቁልፍ ተቀብላችሁ ማለታችን ነው።

እኛ አድረናል። ያውም ሁለት ጊዜ። ያውም ከእናታችን ጋር!

«እኛ» ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። የምትጽፈው ታላቅየዋ ናት። ታናሽየዋ ግን ትከሻዋ ላይ ቆማ «እሱን አውጪው፣ ይሄን ጨምሪው» እያለች መፈናፈኛ ስላሳጣቻት «እኛ» ብንል ይቀላል።

ያደግነው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። (ስሙን አትሳቁብን። የእናንተም ሰፈር ስም ቢመረመር ያው ነው።) ከቤታችን ተነስተን እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለመድረስ የያዝነው ማስቲካ ጣዕሙ አያልቅም ነበር። እናታችን እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ቤት ነው የተወለደችው። በሕይወቷ ስንት ሺህ ጊዜ በሆቴሉ ደጅ እንዳለፈች ፈጣሪ ይቁጠረው። ወደ ውስጥ ግን ዘልቃ አታውቅም። «ምን ልሠራ?» ነበር መልሷ። እውነቷን ነው። ቤት ያለው ሰው ሆቴል ምን ይሠራለታል?

ነገሩ የተለወጠው በ2015 ዓ.ም. ነው። አክስታችን፣ የእናታችን ታላቅ እህት፣ ከአሜሪካ መጣች። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ! እናታችን ቤቱን ቀለም አስቀባች፣ መጋረጃ ለወጠች፣ እኛን ከቆጡ አውርዳ ጎረቤት ልታሳድረን ተዘጋጀች። አክስታችን ከመነሳቷ ሁለት ቀን በፊት ስልክ ደወለች።

«ጣይቱ ሆቴል ክፍል ይዣለሁ።»

ከዚህኛው ጫፍ ዝም ተባለ። ረጅም ዝም። ከዚያ እናታችን፦ «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ?»

ኩርፊያው እንዴት እንደከረረ አንነግራችሁም። የእህቷ ቤት እያለ ሆቴል! ሰው ምን ይላል! ጎረቤት ምን ይላል! እኛ እንኳ በበኩላችን አክስታችንን ተረድተናት ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ከቆጥ ጋር ነው። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው፣ ሌሊት ባትሪ ይዞ ነው የሚኬደው። የስድሳ ምናምን ዓመት ሴትዮ፣ ጉልበቷ የሚያማት... እሺ በሉን። ይህንን ግን ለእናታችን ማን ደፍሮ ይናገር? በኋላ እንደገባን ምክንያቱ ጉልበቷም አልነበረም። እንደርስበታለን።

* * *

እዚህ ላይ ስለ «ሆቴል» ስለምትባለው ቃል ትንሽ እናውራ።

በእኛ ከተማ «ሆቴል አረፈ» እና «ሆቴል ገባች» አንድ ዓረፍተ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ነጋዴ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ስም ማጥፋት። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ አንድ የክልል ከተማ ሄደን (ከተማውንም ሆቴሉንም ተዉት) እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ከማን ጋር ናችሁ?» አለን። ከማን ጋር! ከሻንጣችን ጋር ነን፣ ወንድሜ።

የሚገርመው፣ በዚህ አገር የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለውን ያቋቋመችው ሴት ናት። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን በ1898 ዓ.ም. ባሠሩበት ጊዜ፣ ምግብ በገንዘብ መሸጥና መግዛት ራሱ ነውር ነበር። እንግዳ የእግዜር ነዋ! በር ያንኳኳ ሁሉ ይስተናገዳል፣ እግሩ ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርብለታል። ገንዘብ ማውጣት ባለቤቱን መስደብ ነው። እንደሚተረከው ገበያተኛ ጠፍቶ አጼ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ መብላትና መክፈልን አስለምደዋል። ይህንን ታሪክ ለእናታችን ብንነግራት «ታዲያ ምኒልክ እኔን መች አስለመዱኝ?» አለችን።

ሌላም አለ። በሌላው ዓለም ሆቴልና ባቡር ጣቢያ መንትዮች ናቸው። ለንደን፣ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ግንባር ላይ እንደ ቤተ መንግሥት የተንጣለለ ሆቴል አለ። በ1873 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በ1935 ተዘግቶ፣ በ2011 እንደገና ተከፍቷል። የቶኪዮ ጣቢያም ሆድ ውስጥ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆቴል አለ። ናጎያ የምትባለው የጃፓን ከተማ ደግሞ ነገሩን አክርራዋለች፦ ጣቢያው አናት ላይ ከ50 ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ቆሞ፣ ሕንፃው ውስጥ ትልቅ ሆቴል ገብቶበታል። እንግዳው ትንሽዬ ሻንጣውን እየጎተተ ከባቡር ይወርዳል፣ በአሳንሰር ይወጣል፣ ይተኛል፣ ጠዋት በአሳንሰር ወርዶ ባቡሩን ይይዛል። ከተማው ዘነበበት አልዘነበበት ጉዳዩ አይደለም። ሆቴል ማለት ይሄ ነው፦ የሚያልፍ ሰው ማደሪያ።

የእኛዋ አዲስ አበባ ግን እንደ ልማዷ ገልብጣ ሠራችው። ሆቴሉ ከባቡሩ ቀደመ! ጣይቱ ሆቴል ሲሠራ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ገና ድሬዳዋ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የሆቴሉ እንግዳ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው በበቅሎ ነው። ጣቢያው ሲሠራም ታች ለገሀር ተሠራ፣ ሆቴሉ ላይ አራዳ ቀረ። በመሀላቸው የዛሬው ቸርችል ጎዳና አለ። ስለዚህ የእኛም ሆቴል «ከጣቢያው በላይ» ነው ማለት ይቻላል። አሳንሰሩ ብቻ ነው የሌለው። ዳገቱን በእግር ነው።

* * *

እናታችን የታረቀችው በሦስተኛው ቀን ነው። አክስታችን ለምናት፣ ለምናት፣ በመጨረሻ «እሺ እኔ እቤትሽ እየዋልኩ፣ አንቺ አንድ ሌሊት ብቻ እኔ ጋ እደሪ። ልጆቹንም ይዘሽ» አለቻት። የሽማግሌ እርቅ በሉት።

ማታ ላይ እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ (ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድማ!) ተነሳች። ከቤት እስከ ሆቴሉ ድረስ ሦስት ጎረቤት አገኘን፣ ለሦስቱም ሳትጠየቅ «እህቴን ላደርሳት ነው» አለች። አክስታችን ከጎኗ ሆና በሳቅ ልትሞት።

እንግዳ መቀበያው ላይ መታወቂያ ተጠየቅን። ስም? ተናገረች። አድራሻ?

«ዶሮ ማነቂያ።»

ልጁ ከመዝገቡ ቀና አለ። «ይሄ... እዚህ ጋ ያለው ዶሮ ማነቂያ?»

«አዎ ልጄ።»

«እማማ፣ ታዲያ ቤትዎ አይሻልዎትም?» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። እናታችን ግን ኮራ ብላ «እንግዳ ይዤ ነው» አለችው። የዓመቱ ምርጥ መልስ ብለን መዝግበነዋል።

ደረጃው እንጨት ነው፣ ወለሉም እንጨት። ስትራመዱበት ያወራል። ጣሪያው ከፍ ከማለቱ የተነሳ እናታችን አንጋጣ አይታ «ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ!» አለች። በእሱ ልክ ሁለት ቆጥ እንደሚወጣው በልቧ እያሰላች እንደነበር እኛ እናውቃለን። በረንዳው ላይ ወጥታ ደግሞ ሰፈራችንን ፈለገችው። ጨለማው ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ጫፍ፣ አምፖል፣ የጢስ ሽታ። ተወልዳ ያደገችበትን ቦታ እንደ እንግዳ ቆማ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ «እንዴት ትንሽ ነን በማርያም» አለች።

ስለ እሳቱም ያወራችው ያን ማታ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ሆቴሉ የተቃጠለ ጊዜ እኛ ልጆች ነበርን። ጢሱን ከግቢያችን አይተነዋል። ታች የነበረው ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት እሳቱ በላው፣ ዋናው ቤት ግን ተረፈ፣ ተጠገነ። እናታችን ያን ቀን አልቅሳ ነበር። ገብታበት ለማታውቀው ቤት! ለምን እንዳለቀሰች ስንጠይቃት «ሲያልፉት የነበረ ነገር ሲቃጠል አይከፋም?» ነው ያለችን።

ሌሊቱን አልተኛችም። ትገላበጣለች፣ ወለሉን ታስጮሃለች፣ ትጸልያለች። ጠዋት ስንነሳ አልጋዋ ተነጥፎ፣ አንሶላው እንደ ወታደር አንሶላ ተወጥሮ አገኘነው። አክስታችን «ኧረ ሠራተኞች አሉ!» ብትል «የሰው ቤት ነው» አለቻት።

* * *

ጠዋት አክስታችን ለገሀርን ማየት እፈልጋለሁ አለች። በባቡር እንሂድ ተባባልን።

ከሆቴሉ በደጎል አደባባይ አድርገን ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣን። የከተማው ቀላል ባቡር አንዱ ጫፍ እዚያ ነው፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ያ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትኬት ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ሰው ፎቶ ለመነሳት ብቻ ይሳፈር ነበር፣ እኛም ከአንድም ሁለት ጊዜ። ባቡሩ ገና ከመነሳቱ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው ሲቆፈር የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጣሊያን አንገዛም ብለው የተረሸኑት አቡን፣ ለባቡር ሲባል ሦስት ዓመት ገደማ ከቦታቸው ርቀው ቆይተው በ2008 ዓ.ም. ተመለሱ። እናታችን ይህን ስትናገር ሁሌ አንድ ዓይነት ቃል ነው የምትለው፦ «እሳቸውስ ተመለሱ።»

አትክልት ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ... አክስታችን እንደ ሕፃን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስሞቹን ትደግማለች። ልደታን አልፈን፣ ሜክሲኮን አልፈን ለገሀር ወረድን።

የድሮው ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ቢጫ ሕንፃ ነው። ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ጣሊያን ሮም ወስዶት የተመለሰው አንበሳ። ባቡሩ ግን ከዚያ ጣቢያ መነሳት ካቆመ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሀር ዙሪያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. 36 ሔክታር ላይ አዲስ መንደር ይሠራል ተብሎ ታውጆ ነበር። መኖሪያው፣ ሱቁ፣ ሆቴሉ አንድ ላይ። አሮጌው ጣቢያ በቅርስነቱ ይቆያል ተባለ። እኛም አንድ ቀን ጣቢያና ሆቴል በአንድ ግቢ ሊኖረን ነው ማለት ነው፣ ጣቢያው ባቡር ባይኖረውም።

አክስታችን ሕንፃውን አላየችም። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሠፈሩ ነበር የምታየው። «እዚህ ጋ አልቤርጎ ነበር» አለች።

እናታችን «የምን አልቤርጎ?» አለቻት።

ከዚያ ተናገረች። እንግዲህ ጽሑፉን የጀመርነው ለዚህ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ከአገር የወጣችው በባቡር ነው፣ ከለገሀር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ። ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እሷ የያዘችው የሌላ ሴት ወረቀት ነው። በንጋት ሻንጣ ይዛ ከዶሮ ማነቂያ ብትወጣ ጥበቃው ያያታል፣ ነገ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ስለዚህ ለእናቷ «ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ» ብላ ማታ ባዶ እጇን ወጣች። ሻንጣው ቀድሞ ሄዷል። ቸርችልን በእግሯ ወረደች። ጣቢያው አጠገብ ካለ አልቤርጎ አንድ አልጋ ያዘች። በወረቀቱ ላይ ባለው ስም ተመዘገበች። ከቤቷ እስከዚያ አልጋ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ጫማዬን አላወለቅኩም። ተመልሼ ዳገቱን ልውጣ፣ አንቺን ልቀስቅስሽ፣ ልሰናበትሽ እላለሁ። ደግሞ እተዋለሁ። ሲነጋ ባቡሩ ጮኸ።»

እናታችን ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በማግስቱ እህቷን ስትጠብቅ ዋለች። በሳልስቱም። ከዚያ አርባ ዓመት «ሳትሰናበተኝ ሄደች» ብላ ያዘችው። በደብዳቤም፣ በስልክም፣ በላከችው ዶላርም አልወጣላትም። ለካ ያን ሌሊት እህቷ ራቅ ብላ ሳይሆን እታች፣ ቁልቁለቱ ሥር ነበረች።

«ታዲያ ለምን ሆቴል ያዝኩ አልሽኝ» አለች አክስታችን። «በገዛ ከተማዬ በሰው ስም ነው ያደርኩት። ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ በስሜ ልመዝገብ ብዬ ነው።»

እናታችን መልስ አልሰጠችም። ነጠላዋን አውልቃ የእህቷን ትከሻ አለበሰች። ሙቀቱ እኮ እሳት ነበር! አክስታችንም አልከለከለቻትም። ስንመለስ በባቡር አልሄድንም። ሁለቱ ተያይዘው ቸርችልን ሽቅብ በእግራቸው ወጡት፣ በዚያ ጉልበት፣ እያረፉ፣ እያረፉ። እኛ ከኋላ።

* * *

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በየካቲትና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰች። አንድ ቤት፣ አንድ ጥግ አይደለም፣ ሰፈር በሰፈሩ። ዶሮ ማነቂያም ሄደች። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ ነው ሁሉም የሆነው። እኛም እንደ ብዙዎቹ ዕቃችንን ጭነን ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገባን።

እዚህ ላይ «ወይ ያ ደጉ ዘመን» እያልን እንድናላዝን ከጠበቃችሁን ተሳስታችኋል። ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው። ሌሊት ባትሪ አንፈልግም። እናታችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን እየከፈተችና እየዘጋች «ይሄስ ጥሩ ነው» ብላለች። ቆጡንም አንናፍቅም፣ አንገታችን ይመስክር።

ግን አንድ ነገር ገባን። ያ ቤት የእኛ አልነበረም። አያታችን ከሰው ተከራይተውት፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ገደማ በወር በወር ኪራይ ከፈልንበት። ጣይቱ ሆቴልም በዚያው በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ፣ በኋላ ወደ ግል ተዛውሯል። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ለአንድ ሌሊት ከፍሎ «እንግዳ ነኝ» ይላል። እኛ ለሃምሳ ዓመት ከፍለን «ባለቤት ነን» እንል ነበር። መዝገብ ላይ ያልተጻፈ እንግዳ ማለት እኛ ነበርን። የመውጫ ሰዓቱ ብቻ ነው ያልተነገረን።

ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ እድር ይፈርሳል፣ ቡና ይፈርሳል፣ «ልጅሽን ደጎል ጋ ከማን ጋር አየኋት» የሚል ሰው ይጠፋል። (ይሄኛው አልከፋንም።) እናታችን ያልቻለችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጊዮርጊስ። ሚያዝያ 23 ዓመታዊ በዓሉ ነው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌሊት ማኅሌቱ ሲጀመር በእግሯ ደርሳ የምትቆምበት የራሷ ጥግ አላት። ከኮንዶሚኒየም በዚያ ሌሊት ማን ታክሲ ያመጣል? በ2016 ቀረባት። አላለቀሰችም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ጠረገች። የተጠረገውን ቤት።

በ2017 ዓ.ም. በዓሉ ሲደርስ ምሳ ላይ፣ ወጡን እያወጣች፣ እኛን ሳታይ፦

«ያ ሆቴል አሁንም ያሳድራል?»

ተያየን። ታናሽየዋ ሹካዋን ጣለች።

ከደመወዛችን አዋጥተን ሚያዝያ 22 ሄድን። በዚህ ጊዜ ጎረቤት አላገኘንም፣ ስለዚህ ለማንም ሰበብ መስጠት አላስፈለጋትም። ዳቦ ቆሎው ግን በፌስታል አለ። ከደጎል ወደ ታች ስንወርድ በቀኝ በግራ የምታውቀውን ስትፈልግ፣ አንዱን ስታገኝ፣ ሦስቱን ስታጣ እናያለን። አልተናገርናትም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ሌላ ልጅ ነበር፣ ትሁት። መታወቂያዋን ተቀብሎ አዲሱን አድራሻ ከላዩ ላይ መገልበጥ ጀመረ።

«አይደለም ልጄ» አለችው። «ዶሮ ማነቂያ በለው።»

ብዕሩ ቆመ። መታወቂያውን አየ፣ እኛን አየ፣ እሷን አየ። «እማማ፣ ዶሮ ማነቂያ እኮ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

«አውቃለሁ። ጻፈው።»

ጻፈው።

ክፍሉ ሌላ ነው፣ ወለሉ ያው ነው፣ ያወራል። በረንዳው ላይ ወጣች፣ እንደዚያኛው ጊዜ አልቆየችም፣ ተመልሳ ገባች። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ስንቀሰቅሳት ቀድማን ለብሳ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ጊዮርጊስ ስንደርስ ጥግዋን ማንም አልያዘባትም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አክስታችን ደወለች። ከአሜሪካ፣ እዚያ ምሽት ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው።

«ሆቴል አደርሽ አሉ! ጉድ እኮ ነው!» አለች እየሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነስ አለ። «በስምሽ ነው የተመዘገብሽው?»

«በስሜ ነው» አለች እናታችን። ነጠላዋን እያስተካከለች ትንሽ አሰበች። «ውሸቱ አድራሻው ላይ ነው።»